ቃላት የበዙበት ግጥም

«ዛሬስ ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ እታለም፤ ክሩም በአንዴ መርፌ ውስጥ ገባልኝ» አለች ጠራዧ፣ ለባልደረባዋ የታጠፉ ገጾች እያቀበለች። በማተሚያ ቤቱ በር አጠገብ፣ አግዳሚው ላይ፣ የግጥም ሐያሲው የመጀመሪያ መድበላቸውን ረቂቅ ጭናቸው ላይ አድርገው ተራ ይጠብቃሉ። ጠራዧ ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም።

«ነገርን ነገር ያነሳዋል… አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ። እንዴት ያሉ አንባቢ መሰሉሽ! በየትንንሹ ማተሚያ ቤት የሚወጣ ስስ የግጥም መጽሐፍ ሁሉ እሳቸው እጅ ሳይገባ አይቀርም። ጠዋት ይወስዳሉ፣ ከሰዓት ሒሱ ጋዜጣው ቢሮ ደርሷል። ዓይን አይደለም፣ ባቡር ነው! ያየ ቢናገር ምን ይገርማል? ሳያዩ መናገር ነው እንጂ ጸጋው…

«ያቺን ነርስ ታስታውሻታለሽ? ስለ እናቷ ሞት የጻፈችውን አራሚው ሲያነብልን ያለቀስንላትን? ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለሰውየው የላክሁት ቅጂ መሀሉ ሳይታተም ተሰፍቶ ኖሯል። የእናቷ ግጥም ያለበት አራቱ ገጽ ነጭ፣ እንደ ጥርስ ነጭ! ርዕሱ ብቻ ማውጫው ላይ አለ። እሳቸው ታዲያ ምን ብለው ቢጽፉ ጥሩ ነው? ‹ስለ እናት የተጻፈው ግጥም ቃላት ይበዙበታል›። እኔና አንቺ ብንሆን አንዲት ቃል እናገኝ ነበር? ሌላው ከሰም ወርቅ ያወጣል፤ እሳቸው ከባዶ ወረቀት…

«ልጅቱ ግን የዋህ ናት፣ አመነቻቸው። ‹ግጥሙን አውጡልኝ፣ ከእንግዲህም አልጽፍም› ብላ እዚህ ድረስ መጣች። ደግነቱ ሰውየው ቅጂውን ‹በጥንቃቄ ተነቧል› ብለው፣ ፈርመው መልሰውልን ነበር። ገልጬ አሳየኋት። መጀመሪያ ነጮቹን ገጾች አንድ በአንድ ገለበጠች… ከዚያ እዚያ ወረቀት ክምር ላይ ተደፍታ እስክታለቅስ ሳቀች! ይኸው ሁለተኛ መድበሏን እየሰፋን ነው። ይህስ የሳቸው ውለታ አይደል?»

አግዳሚው ላይ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ሐያሲው ረቂቃቸውን ወደ ቦርሳቸው ሊመልሱ ቢሞክሩ ቦርሳው አልከፈት አላቸው። ጠራዧ ብድግ ብላ፣ እጅ ነስታ፣ ረቂቁን በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። ፊቷን ግን ወደ ባልደረባዋ መለሰች።

«እኔስ እንዲህ ያለ ሰው አይጥፋ እላለሁ፣ እታለም። አሁን ደግሞ ራሳቸው መጻፍ ጀምረዋል አሉ… እሰይ! የልፋታቸውን አይንሳቸው። እሳቸው ሰውን እንዳነበቡት፣ እሳቸውንም ልክ እንደዚያው አድርጎ የሚያነብ ሐያሲ ይዘዝላቸው።»