የፀሐይ ጭረት

አሰላ፣ ዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ያለ ፎቶ ቤት፤ ባለቤቱ ጋሽ ይርዳው ኮምፒውተሩ ላይ የሙሽራ ፎቶ ያስተካክላል፤ ተመራቂዋ ምንትዋብ ያተመላትን የብርሃን ቀለማት ፎቶ ይዛ ቆማለች።

ምንትዋብ፦ ጋሽ ይርዳው፣ መስመሮቹስ?

ይርዳው፦ አይዞሽ፣ አንድም አልቀረ። ምስጋናውን አቆዪው፤ ሙሽራው አልበሙን እስከ ስምንት ሰዓት ይፈልጋል።

ምንትዋብ፦ ጥቁሮቹን መስመሮች ነው የምልዎት። አጠፏቸው?

ይርዳው፦ እና እንደ ተቧጨረ ድስት ላትመው ኖሯል? ቀለሙ ቀስተ ደመና፣ ላዩ ጭረት በጭረት! ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ።

ምንትዋብ፦ ጭረት አይደሉም፤ የፀሐይ ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ፈታኞቼ ፊት እቀርባለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ እነሱ ናቸው።

ይርዳው፦ አራት ዓመት ተምረሽ በጭረት ልትመረቂ?

ምንትዋብ፦ ዋናው ፋይል አለ?

ይርዳው፦ የጸዳውን በላዩ አስቀመጥኩበት። ቆሻሻ አላጠራቅምም።

ምንትዋብ፦ ሌላ ቅጂ የለኝም፤ ከስልኬም ጠፍቷል።

ይርዳው፦ ደግሞ እንባ! ፀሐይ ጥቁር ታበራለች ያለሽ ማነው?

ምንትዋብ፦ አታበራም። ብርሃኑ ከታች ሲነሣ ቀለሙ ሙሉ ነው። ከላይ የሸፈናት ጋዝ ግን ከሥሩ ካለው ቀዝቀዝ ይላል። በዚያ ሲያልፍ በጋዙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ከቢጫው የራሱን ይይዛል፤ ብረቱም የራሱን። የያዙትን በየአቅጣጫው ስለሚበትኑት ወደ እኛ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ጥቁሩ የጎደለው ቦታ ነው።

ይርዳው፦ ፀሐይም ኬላ አላት በይኛ! ልጄ፣ ያነሣሽበት ዕቃ ቆሽሿል፤ አለቀ።

ምንትዋብ፦ ዕቃው ይኸው። ቆሽሾ ከሆነ በእርስዎም መብራት ጭረቱ ይታያል። በዚያ በትልቁ አምፖል ይዩት።

ይርዳው፦ የጫማ ካርቶን! ውስጡ የሲዲ ስባሪ! ወይ ሳይንስ... አምጪው እስቲ።

ምንትዋብ፦ በዚች ቀዳዳ ይዩ፤ ሲዲው ብርሃኑን በየቀለሙ ይከፍለዋል።

ይርዳው፦ ቀለም ነው። ጭረት የለውም።

ምንትዋብ፦ አሁን በሩ ላይ ይምጡ። ፀሐይዋን እንዳያዩ! ፀሐይ ያረፈችበትን ነጭ ግድግዳ።

ይርዳው፦ ቆይ... ቆይ ልጥረገው።

ምንትዋብ፦ ይጥረጉት።

ይርዳው፦ ብጠርገውም አለ። አምፖሉ ጋ የለም፣ እዚህ አለ።

ምንትዋብ፦ የያላዋቂ ሳሚን ተረት የተረቱት እርስዎ ነዎት።

ይርዳው፦ ምላስም አላት ለካ! በስልክሽ ነው ያነሣሽው? ለፀሐይዋም ስድብ ነው። ካርቶኑን ቀጥ አድርገሽ ያዢ፤ የሠርጉን ካሜራ ላምጣ።

ምንትዋብ፦ ሙሽራውስ?

ይርዳው፦ ሁለቴ ደወለ። ስልኩን ዘጋሁበት።