ጠቋሚ የሌለው ሰዓት

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ዓመታት ነው። ከአሰበ ተፈሪ ተነሥቶ በሂርና በኩል በሚያልፈው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ጎልማሳ አጠገቡ የተቀመጡት አሮጊት ያሰሩትን ሰዓት አይቶ ወሬ ጀመረ።

«እናቴ፣ እኔ ሂርና ሰዓት ሠሪ ነኝ። እንዲህ ያለ ጠቋሚ የሌለው ሰዓት ግን አልገጠመኝም።»

«ቁጥሩ ራሱ እየዞረ በዚች መስኮት ብቅ ይላል። ርካሽ ነው አሉ፤ ልጄ ነው ከድሬዳዋ የገዛው።»

«ማንበቡ አይቸግርዎትም?»

«ወደ ጦር ግንባር ሲዘምት በሀገራችን ሰዓት አስተካክሎ እጄ ላይ አሰረልኝ። መሠረተ ትምህርት የገባሁት ይሄን ለማንበብ ብዬ ነው።»

«ከዘመተ ቆየ?»

«አራት ዓመቱ። ደብዳቤ ካጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«አላህ በሰላም ያምጣልዎት። እስቲ ጆሮዬ ላይ ላድርገው... ድምፁ ደክሟል እናቴ። ዘይቱ ደርቋል፤ ተፈቶ መታጠብ አለበት።»

«ሲፈታ ይቆማል?»

«ለግማሽ ቀን ያህል።»

«ልጄ ከሄደ ወዲህ ቆሞ አያውቅም። በየጠዋቱ ሰግጄ እሞላዋለሁ። ከቆመ ክፉ ነገር የምሰማ ይመስለኛል።»

«ካልታጠበ የውስጡ ጥርስ ተበልቶ ያልቃል። ያኔ እኔም አላድነውም።»

ሴትዮዋ ሰዓቱን በመዳፋቸው ሸፍነው ብዙ መንገድ ሄዱ።

«ሱቅህ ስትፈታው አጠገብህ ተቀምጬ ልይ?»

«ይቀመጡ እንጂ፣ ወንበር አለኝ።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ፍታው። ልጄ ሲመጣ ደህና ሆኖ ያግኘው።»

«ኢንሻአላህ።»

ሂርና ላይ ሰዓት ሠሪው ክንዳቸውን ደግፎ ሲያወርዳቸው፣ እኔ መንገዴ ገና ቢሆንም ለክብራቸው ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ቆምኩ።