ለእናቴ ያልተላከችው ቺፕ

አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ፣ የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ጎረቤቴ ዘይነባ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ፣ እናቴ ሥራዬን ታይልኝ ብዬ አንዲት የተበላሸች ቺፕ ልልክላት አሰብኩ። ደግነቱ አለቃዬን አስቀድሜ ጠየቅኩት። ፊቱ አመድ መሰለ!

«ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር አትወጣም» አለኝ።

«የተበላሸች ናት እኮ!»

«ብትበላሽም! ሻንጣ ውስጥ ብትገኝ ከሥራ ትባረሪ ነበር።»

ባለፈው ወር ወደ ውጭ አገር ለሚላክ ትእዛዝ የመንግሥት ፈቃድ ዘገየ ተብሎ ሠራተኛው ሁሉ ሁለት ሳምንት ቤቱ ውሏል። ፋብሪካው በጠበቃ እንኳ ቶሎ ያላገኘውን ፈቃድ እኔ በዘይነባ ሻንጣ ልዘለው ነበር! ሳቄ አመለጠኝ፤ እሱም ሳቀ። ቺፗን መለስኩና በነጩ የሥራ ልብስ ከራስ እስከ እግሬ ተሸፋፍኜ የተነሳሁትን ፎቶ ለእናቴ ላክሁላት።

እናቴ ደወለች። «ልጄ፣ አሜሪካ ድረስ ሄደሽ ማር ቆረጣ ገባሽ?»