ለጀማሪ የሚሆን ፊልም

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ማህደርዬ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው የምዞር፣ እስከ ዛሬ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ነው። ሰው ከፍሎ የሚፈራው ለምንድን ነው? ፍርሃት እኮ በነፃ ሞልቷል። ለቪዛ አፕላይ ማድረግ አለ፣ ስምሽን ስትናገሪ ሦስቴ "ሶሪ?" መባል አለ፣ ማታ ከባቡር ወርዶ ብቻን መሄድ አለ… ይህ ሁሉ እያለ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ መጋረጃ ዘግቶ፣ ፈንዲሻ ታቅፎ "አስፈራሩኝ" ማለት ምን የሚሉት ጥጋብ ነው?

ኧረ ቁጭ በይ፣ ጃኬትሽንም አውልቂ። ከክላፋም እስከ ካሌዶኒያን ሮድ በዚህ የለንደን ዝናብ መምጣትሽ ራሱ ፍቅር ነው። እትዬ ፀሐይወርቅ ማኅበር ሄደዋል፤ አሁን ይመጣሉ። ልጃቸውም ኩሽና ነው፣ ፈንዲሻ እያፈነዳልሽ። በሩን ልዝጋው ይሆን? ይቅር፣ ሽታው ይግባ።

ዛሬ ፊልም የምመርጠው እኔ ነኝ፤ ተፈቅዶልኛል። እኔ መቼም ፈሪ ነኝ፣ አልክድም። አዲስ አበባ እያለሁ አስፈሪ ፊልም የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም። እዚህ ስመጣ የክፍሌ ልጆች ወሬ ሁሉ እሱ ሆነብኝና፣ እንደምታውቂኝ ነገር የምጀምረው በማንበብ ነው፣ አነበብኩ። ለጀማሪ ምን የሚመከር ይመስልሻል? በቀን እይ ይላል። ድምፁን ቀንስ ይላል። ማን እንደሚሞት አስቀድመህ እወቅ፤ ሳቅ ካለበት ጀምር፤ ጥቁርና ነጩ አሮጌው ጥሩ ነው፣ ደሙ ራሱ የደብተር ቀለም ይመስላል። ሰይጣን ያለበትን ግን ለመጨረሻ አቆየው ይላል፤ በተለይ በሰይጣን በሚያምን ቤት ያደግህ ከሆነ። እውነት አይደለም? ፈረንጅ ሰይጣንን የተዋወቀው ፊልም ቤት ነው። እኛ እኮ እንደ ጎረቤት ነው የምናውቀው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለአንድ ሰው አነበብኩለት… ስም አልጠራም። ማን እንደሆነ ማወቁ ምን ያደርግልሻል? ደፋር ሰው ነው፣ በቃ። እንዲህ ያለ ደፋር በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል? "መጽሐፍሽን ዝጊው፣ ፊልም በመጽሐፍ አይታይም" አለኝ። "እኔ እዚህ ያደግሁ ነኝ፤ እነዚህን እንደ ዜና ነው የማያቸው። ለጀማሪ የሚሆን እኔ እመርጥልሻለሁ።" መረጠልኝ። ሰይጣን ያደረባት ልጅ፣ አንገቷ ወደ ኋላ የሚዞር… ለጀማሪ! ዋና የማይችል ሰው ቴምዝ ወንዝ ውስጥ ወርውሮ "ተንሳፈፊ" እንደ ማለት ያለ ደግነት ነው። ያውም ወርዋሪው ዋና ሳይችል።

አሳቢነቱንስ እንዴት ብዬ ልንገርሽ! ልጅቷ ገና አንገቷን ማዞር ስትጀምር የሶፋውን ትራስ ፊቱ ላይ አደረገ። እኔ እሱን አይቼ እንድጽናና ይሆናል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ደሙ ሲመጣ ቢን ላውጣ ብሎ ተነሣ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው እንግዲህ፤ የዚህ ሰፈር ቆሻሻ የሚነሣው ማክሰኞ ነው። ጽዳት ይወዳል። ተመልሶ ገና ከመቀመጡ ሰይጣኑ በወፍራም ድምፅ ተናገረ፤ "ማሞቂያውን ቼክ ላድርግ" ብሎ ደግሞ ወጣ። ጁላይ ነበር፤ ሰው ሁሉ መስኮት ከፍቶ የሚተኛበት። እኔ ፈሪዋ ጣቴን እየነከስኩ እስከ መጨረሻው አየሁት። ምን ላድርግ፣ ተነሥቶ መውጣትም እኮ ድፍረት ይጠይቃል። "ፈሪ ለእናቱ" ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለንደን ስመጣ ነው ጀግናም ለእናቱ እንደሆነ ያየሁት።

…ኩሽናው ጸጥ አለ አይደል? ፈንዲሻው አልቆ ይሆናል። ወይም ሳይፈነዳ የቀረ አለ።

ብቻ ፊልሙ አለቀ። ያ ሰው "ውሃ ልጠጣ" ብሎ ወጣ። ሲመለስ ፀጉሩ ርሷል፣ አንገቱ ርሷል፣ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተጣብቋል። ውሃ በአናቱ የሚጠጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔም ያን ቀን ነው ያየሁት። ከዚያ የያዘውን ጠርሙስ አዘንብሎ ቴሌቪዥኑን በአራቱም ማዕዘን ረጨው። ዐይኔን ሲያይ "አቧራ ነበረበት" አለኝ። እዚያ ስክሪኑ መሃል ላይ ያለችው አረንጓዴ መስመር ትታይሻለች? እትዬ የእርጅና ነው ይላሉ። የቀረውን እዚያው ቆሞ ጨለጠው። ጥማት ክፉ ነው።

ጠርሙሱ የምን እንደሆነ መቼም ገብቶሻል፤ የአንቺም እናት ፍሪጅ ውስጥ አይጠፋም። ተራ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ግን ጠበል መሆኑን ያውቃል። የእትዬ እኅት ለጉልበታቸው ብላ ከአገር ቤት በልብስ ጠቅልላ ያመጣችላቸው። እትዬ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዳቸው፣ አማትበው፣ እየሳሱ በጉንጭ ይቀምሱት ነበር። ያ ሰው ግን… በፈንዲሻ ላይ።

በማግስቱ እትዬ ፍሪጁን ከፍተው ባዶውን አገኙት። ደፋራችን ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እንግዳዋ ውሃ መስሏት ይሆናል፤ አዲስ አይደለች እንዴ፣ ምን ታድርግ!" እንዴት ያለ አዛኝ ነው! እትዬም ስላዘነልኝ አልተቆጡኝም። "ጠበል እኮ በፆም ነው ልጄ" አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እያነጠፉ፣ ፊቴን ሳያዩ፣ "እስኪ ብፅዓት፣ የኪራይ ሩም ማየት ጀምሪ፤ ሃርልስደን በኩል ረከስ ይላል አሉ" አሉኝ። እናቴ "እንደ ልጅሽ ያዥልኝ" ብላ አደራ የሰጠችበት ቤት ነው ይህ። አሁን ለእናቴ ምን ብዬ ልደውል ነው? ጠበል ሰርቄ ተባረርኩ? የዚያን ጊዜ መልስ መስጠት ነበረብኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይሉ የለ? ዝንቡስ አልገባም። ያልጠጣሁት ጠበል ነው የገባበት።

ምን አልሽኝ? ማን ነው? ኧረ እኔ እንጃ! እዚህ ቤት የምንኖረው ሦስት ነን። እትዬ ያን ቀን አልነበሩም፤ እኔ ደረቅ ነበርኩ። አካውንታንቷ አንቺ ነሽ ማህደርዬ፤ እኔ የተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ነው።

ሰውየውን ግን እንዳትንቂው። ሃይማኖቱን አታይም? ሌላው ሲደነግጥ ጓደኛው ጋ ይደውላል፤ እሱ በቀጥታ ወደ ጠበል! ትሕትናውስ? ሌላ ሰው ያን ያህል ጠበል ጠጥቶ፣ ተጠምቆ፣ ሰይጣን ከቴሌቪዥን ቢያወጣ አደባባይ ቆሞ ይመሰክር ነበር። እሱ ለእናቱ እንኳ አላወራም። ክብሩን በሙሉ ለእኔ አሳልፎ ሰጠኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እዚህ አገር ግን ንጋቱም ደመና ነው፤ እውነቱን እያደርኩ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ… አልጠራም። ስለዚህ ቆርጫለሁ። ሃርልስደን አልሄድም። ፊልምም አልመርጥም፤ ይኸው ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። እትዬ ሲገቡ፣ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ "ያን ጠበል እኔ አልጠጣሁትም" እላቸዋለሁ። "ታዲያ ማን?" ማለታቸው አይቀርም። ኩሽና ያለ ሰው ቀድሞኝ ቢመልስላቸው ደስታዬ ነው። ካልቀደመኝ… ድምፄ ቀጭን ነው ትሉኛላችሁ እንጂ፣ አንድ ስም ለመጥራት ይበቃል።

ይኸው፣ የታችኛው በር ተከፈተ መሰለኝ። ያ የእሳቸው እግር ነው፤ ደረጃው ላይ ጉልበታቸውን እያሳረፉ ነው የሚወጡት።

ለዚያ ሰው ግን ክፉ አልመኝለትም። ሊያገባት ያሰባት አለች ሲሉም ሰምቻለሁ፤ እሰየው ነው። እግዚአብሔር ደግ፣ ታጋሽ፣ እንቅልፍ የማይከብዳት ሚስት ይስጠው፤ ሌሊት እጁን ይዛ እስከ ሽንት ቤት የምታደርሰው፣ በሩ ላይ ቆማ "አለሁ የኔ ጌታ፣ አለሁ" የምትለው። ወንድ ልጅም ይስጣቸው፤ አድጎ፣ ጠንክሮ፣ እናቱ ስትደክም አባቱን በተራው የሚሸኝ።

አሜን በይ እንጂ ማህደርዬ።