ጭሱ ከአውድማው በታች

ከጎንደር ወደ ዳባት በምትሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ ገበሬና አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበሩ። ወሬውን የጀመሩት ሽማግሌው ናቸው።

"የዛሬው ጧት ሸጋ ነው። ቅጠል አይነቃነቅም።"

"ለምኑ ሸጋ ሆነ አያ?"

"ልጆቼን፣ እነብርቄን፣ ከአውድማው በታች ያለውን ቁጥቋጦ ዛሬ አቃጥሉት ብያቸው ነው የመጣሁ።"

"የገብሱ ክምርስ?"

"ላይ አውድማው ላይ ነዋ።"

"እሳቱ ከታች፣ ክምሩ ከላይ?"

"ምነው ልጄ?"

"ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው አየሩም ይሞቃል። የሞቀ አየር ደግሞ ይቀላል፣ ወደ ላይ ይወጣል። ያኔ ከታች ከገደሉ በኩል ያለው ቀዝቃዛ ከባድ አየር ቦታውን ሊይዝ ሽቅብ እየገፋ ይመጣል። ነፋስ ማለት እሱ ነው።"

"አሁን እኮ ጸጥ ብሏል።"

"ዳገቱ ገና ስላልሞቀ ነው። ረፋድ ላይ ምርት ስታዘሩ ገለባውን የሚወስድላችሁ ነፋስ የለም?"

"ያማ እግዜር ሲልከው ነው የሚመጣ።"

"ፀሐይዋ ዳገቱን ስታሞቅ ነው የሚልከው አያ። አሁኑኑ ይደውሉ!"

ሽማግሌው ስልካቸውን ከጋቢያቸው ስር አወጡ።

"አንቺ ብርቄ! እሳቱን እንዳትለኩሱ!"

ጥቂት አዳመጡ።

"ለኮሳችሁት? መቸ? ... ምነው፣ ላይ አውድማው ላይ ማን አለ? ... ክምሩን ተዪው! ተዪው አልኩሽ!"

"ወደ ላይ እንዳይሮጡ አያ! እሳቱ ይቀድማቸዋል፤ ወደ ጎን በሏቸው!"

"ወደ ጎን ሩጡ ብርቄ! ወደ ላይ አይደለም፣ ወደ ጎን! ... ብርቄ? ... ብርቄ?"

በመስኮቱ በኩል የባሕር ዛፎቹ ጫፍ ወደ ዳገቱ ማጎንበስ ሲጀምር አየሁና ዓይኔን ወደ እግሬ መለስኩ።