እምቢ ያለው የኤላ ሞተር

— ሄሎ! … አዎ፣ ነገሌ ነው። … ወልደሰንበት፣ የጋራዡ፣ እኔው ነኝ። … ከያቤሎ? አገናኚኝ፣ እህቴ፣ አገናኚኝ።

— ሄሎ! … ማን? … መምህር አዳነ! አካም ጅርታ? ናጋ? … ኧረ ጮክ በል፣ አይሰማኝም።

— የትኛው ሞተር? … አምና ኤላው ላይ፣ ጥልቁ የውሃ ጉድጓድ ላይ የተከልኩት? የውሃ መሳቢያው? … አልነሳም አለ? ከመቼ ጀምሮ? … ከዓርብ! ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው፣ አዳነ! ከብቱስ? … … ወይኔ!

— ረሒማ፣ እባክሽ ሬዲዮኑን ዝጊልኝ። በሱቅሽ ስልክ ዛሬ መርዶ ነው የመጣልኝ።

— አለሁ፣ አለሁ። … እና በእጅ አይቀዱም? ድሮ በቆዳ ባልዲ እየተቀባበሉ ያወጡት አልነበር? … አሃ። ጎረምሶቹ የቀረውን ከብት ይዘው ሳር ፍለጋ ሄደዋል። ያን ጥልቅ ጉድጓድ ማን ይወርዳል… ልክ ነህ።

— ሞተሩ አሁን የት ነው? … ስልክ ቤቱ ደጃፍ ላይ! በእርዳታ እህል መኪና ጭናችሁት መጣችሁ? ጎበዝ! እንዲህ ከሆነማ እዚሁ እንመረምረዋለን። ገመዱን የሚስበው ማነው? … ሁቃ፣ ጠባቂው። ደህና።

— ቤንዚን አለው? … ቧንቧው ተከፍቷል? … በል፣ ሁቃ ይሳብ፤ አንተ ስልኩን ወደ ሞተሩ አዙርልኝ፣ ልስማው። … … እ። ድገሙት። … … ይስልና ይጠፋል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ነው የሚመስለው።

— ካንዴላውን ፍቱት። … ምን ይመስላል? … ጠቁሮ ርሷል? ጥሩ። ጥሩ ማለቴ… በሽታው እየታወቀ ነው። ጥረጉትና ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክታችሁ ገመዱ ይሳብ። እሳት ይሰጣል? … ሰማያዊ? እንግዲያው ካንዴላው ጤነኛ ነው። ቤንዚን ጠጥቷል፣ አየር ግን አላገኘም። ትሰማኛለህ?

— ጎኑ ላይ ያለችውን ጥቁር ቆርቆሮ ክፈት። … እሷ ናት፣ ፊልትሮው፣ አየር የሚስብበት። ውስጡ ስፖንጅ አለ። … ምን ሆኗል? … ቢጫ? … እስቲ አሽትተው። … ቅቤ?!

— ሞተር ውስጥ ቅቤ ምን ይሠራል… ቆይ፣ ቆይ። ማን ቀባው? … አባባ ጃልዴሳ፣ ሽማግሌው። ሐሙስ ዕለት። … ከብቱ ጠጥቶ ሲረካ ሞተሩን መረቁት። ወተት ረጩበት፣ አናቱ ላይ ቅቤ አደረጉለት። … አውቃለሁ እንጂ፣ ላከበሩት ነገር የሚያደርጉት ነው። ፀሐዩ አቀለጠውና ገባበት። … በዚህ ድርቅ ቅቤውን ከየት አመጡት? … የመጨረሻዋ የምትታለብ ላማቸው። … አንጀቴን በላኸው፣ አዳነ።

— እሺ። ስፖንጁን አውጡት፣ ለጊዜው ያለ እሱ ይነሳል። ካንዴላውን አድርቃችሁ መልሱ። ቾኩን፣ የአየር መዝጊያውን፣ እንዳትነኩት። አሁን ይሳብ። … … ሌላ። … ሌላ! በኃይል በለው! … ተነሳ! እሰይ! ረሒማ፣ ሰማሽ? ተነሳ እኮ! … ትንሽ ይሥራ፣ ይሙቅ። … … በሉ አጥፉት፣ አጥፉት፣ ቤንዚኑ በኩፖን ነው፣ ለኤላው ይቆይ። ስፖንጁን በቤንዚን እጠቡና ጨምቃችሁ፣ ሲደርቅ መልሱት።

— ስማ፣ አዳነ። ለሽማግሌው አትንገራቸው። አቧራ ነው በላቸው። … አብረው መጥተዋል? … እኔን ማናገር ይፈልጋሉ? … እሺ። ስጣቸው።

— አባባ ጃልዴሳ! አካም ጅርቱ? ናጋ? ወራ ናጋ? ሎን ና… ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ። አፌ ለምዶ ነው። ከብትዎማ ምን ሰላም አለው። … ስንት ሞተ? … አስራ አንድ። ከዓርብ ወዲህ ብቻ። … ምን ልበልዎት።

— አዎ፣ ድኗል። … አቧራ ነው፣ አባባ። አቧራ ገብቶበት ነው። … ምን? … አይ፣ አያስፈልግም። ደግመው እንዳይቀቡት። … የተረፈችዋን ቅቤ ለልጆቹ ይስጧት። … ሳይመረቅ ኤላው ላይ አይመለስም? … አይቀየምም፣ አባቴ፣ ብረት እኮ ነው። … ውሃ የሰጠ ነገር ባዶውን አይሄድም ይላሉ… እሺ…

— አባባ፣ ዋሽቼዎታለሁ። አቧራ አይደለም። … ቅቤው ነው ያፈነው። … አዎ። … አዎ፣ የእርስዎ።

— ሄሎ? … አባባ ጃልዴሳ? ይሰሙኛል? …

— ኧረ እንዲህ አይበሉ! እርስዎ አልገደሏቸውም! ጥፋቱ የኔ ነው። ስተክለው መተንፈሻው ይሄ ነው፣ እዚህ ጋ ምንም አይንካው ብዬ አንዲት ቃል አልነገርኳችሁም። ቸኩዬ ነበር፣ መኪና ሊያመልጠኝ ነበር። … እኔ ነኝ፣ አባቴ። … ሄሎ?

— አዳነ? … ምን አሉ? … ስልኩን ሰጥተውህ ወጡ? ወዴት? … ሞተሩ ጋ ተንበርክከው… ምን እያደረጉ? … ጥምጥማቸውን ፈትተው… ቅቤውን እየጠረጉ ነው? … ይግላል እኮ፣ አሁን ነው የጠፋው፣ እጃቸውን… … ሁቃን አስቁመው፣ አይንካቸው። … ተዋቸው፣ አዳነ። ይጥረጉ።

— … አይ፣ ምንም አልሆንኩም። በል ዝጋው። … ዝጋው፣ አልችልም።