ልጃችን ገና አልደረሰችም

እማማ አልፊያ፣ ኧረ እዚህ ጋ ይቀመጡ! እዚያ ጋ ድንኳኑ ያፈስሳል፤ ጠዋት ሲያካፋ አይቼዋለሁ። እንዴት ዋሉ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ተመስገን ነው። የእናንተ ምግብ በዚያ በቀኝ በኩል ነው፤ አብደላ ራሱ ቢስሚላህ ብሎ ያረደው ነውና ሳይሳቀቁ ይብሉ። ባለ በዓሎቹ በዚህስ አይታሙም፣ ጎረቤት ያከብራሉ። እኔማ ሥራ ላይ ነኝ። ይህ ቁልፍ በቁልፍ የሆነው ሚክሰር ይባላል፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ከስልክ እያየሁ ነው የለመድኩት። ይህችን ወደ ላይ ሲገፏት ድምፅ ይጨምራል፣ ይህችኛዋ ደግሞ ጎርናናውን ታወጣለች... ኋላ በደንብ አስረዳዎታለሁ።

ጮክ ብዬ ማውራቴን ይቅር ይበሉኝ። ስፒከር አጠገብ የሚውል ሰው እንዲህ ነው፣ መጮህ ይለምድበታል። መዝሙሩን ካጠፋሁት ቆየሁ እንዴ?... አይ ልማድ! ለነገሩ ባለ በዓሎቹ ከፊታችን ቢሆኑ፣ ቢሰሙንስ ምን ችግር አለው? የምናወራው ደግ ደጉን ነው።

ምን እንደሚከበር ነገሩዎት? ጋብቻቸው ሁለት ዓመት ሞላው። እዚህ ቤት ደግሞ ሁሉም ነገር ትርጉም አለው። የመጀመሪያው ዓመት የወረቀት፣ ሁለተኛው የጥጥ ይባላል፤ በፈረንጆቹ ልማድ እንደዚያ እያለ እስከ ወርቅ ይሄዳል፣ አንብቤዋለሁ። ጠረጴዛው ሁሉ ጥጥ በጥጥ የሆነው ለዚህ ነው። ኬኩ ላይ ያለው ግን ክሬም ነው፣ እንዳይሳሳቱ።

ከኬኩ ኋላ የተሰቀለውን ትልቅ ባነር አዩት? ሹሩባ የተሠራችው ልጅ፣ «ልጃችን» ተብሎ በወርቃማ ቀለም የተጻፈበት? እሷን ነው የሚረዱት። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሕፃናት ፕሮጀክት አለ። አሠራሩን ላስረዳዎት፦ ቢሮው የልጆቹን ፎቶ ይደረድራል፣ አቅም ያለው አንዱን ይመርጣል፣ ከዚያ የትምህርት ቤቱንም የሕክምናውንም ይሸፍናል። የልጁ ቤት ግን አይነገረውም። እነዚህ የተባረኩ ባለ በዓሎች በሰርጋቸው ቀን፣ «ስጦታ አታምጡልን፣ እኛ ልጅ እናሳድጋለን» ብለው ፎቶውን መድረክ ላይ ከፍ አደረጉት። ያላለቀሰ ሰው አልነበረም፤ እኔም ሚክሰሩ ላይ አልቅሻለሁ። ዛሬ ደግሞ ልጅቷ ራሷ መጥታ ኬኩን አብራቸው ልትቆርስ ነው። እሷን እየጠበቅን ነው።

ይህን ስል አንድ የማውቃቸው ባልና ሚስት ትዝ አሉኝ። እነዚህን አላልኩም! ኧረ በጌታ! ሌሎች ናቸው፣ እርስዎ አያውቋቸውም። የሚኖሩት... ብዙም ሩቅ አይደለም። እነሱም እንዲሁ ልጅ ይረዳሉ። መቼም ደግነታቸው! «ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ» ይላል መጽሐፋችን፤ ምጽዋት በስውር ይሁን ማለት ነው። እነሱ ቃሉን አልፈውት ሄዱ፤ እጃቸው የሰጠውን ዓይናቸውም እንዳያውቅ አደረጉ። ከዚህ የበለጠ ስውር ምጽዋት አለ? እስኪ ይንገሩኝ፣ አለ?

ባለፈው ውሃ የጠፋ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ሲንከራተት፣ ያቺ ሴት ሁለቱን ጀሪካን መያዝ ሲያቅታት አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ሮጣ መጣችና ትንሹን ተቀበለቻት። ደጃፏ አደረሰችላት። ሴትየዋ መቼም እጇ አይታጠፍም፤ አሥር ብር አወጣችና፣ «ተባረኪ ሚጣ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት። ልጅቷ ምን ብትላት ጥሩ ነው?... «የእናንተ።» ሴትየዋ በሳቅ ፈረሰች። «አቤት ስትቀልድ!» ብላ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጋ በሩን ዘጋች። እሑድ ምስክርነት ላይ «ጌታ የልጆች ሸክም ሰጥቶናል» ስትል ሰምቻታለሁ። እውነቷን ነው። ያን ቀን ግን ሸክሙን ያደረሰችው ልጅቷ ናት...

ምነው እማማ፣ ትን አለዎት? ውሃ ላምጣልዎት?

ባልየውማ የጸሎት ሰው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ቤታቸው የጸሎት ሕብረት አለ፤ ስፒከር ልሠራላቸው ሄጄ በዓይኔ ያየሁት ነው። የልጅቷን ፎቶ ከፍሪጁ ላይ አንሥቶ ደረቱ ላይ ለጠፈና፣ «ጌታ ሆይ፣ በሩቅ ያለችውን ልጃችንን አስባት፤ ድምፅዋን ሳንሰማ ወደድናት» እያለ ተንሰቀሰቀ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ፎቶ ካለ ደግሞ ጭራሽ ይትረፈረፋል። ልክ እዚያ ላይ ሲደርስ፣ ውጭ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱ ልጆች መንደሩን በጩኸት አደባለቁት። መስኮቱን ከፍቶ፣ «እናንተ ልጆች! ጸሎት ላይ ነን፣ ሂዱ ከዚህ!» አለ። ከሁሉ በላይ ትጮህ የነበረችው ማን እንደሆነች እኔ አይቻለሁ። ልናገር ነበር? ጸሎት ላቋርጥ?

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ። እነሱ ምን ቸገራቸው፤ የቅርብ ጎረቤታቸውን የሩቅ ዘመድ አድርገው ሁለቱንም ባንዴ ያዙ!

እኔ ግን በልጅቷ ነው የምፈርደው። ማን እደጊ አላት? ፎቶው እንደ ጨዋ ባለበት ቆሞ፣ እሷ ታድጋለች! ያኔ የለበሰችው ቀሚስ የፕሮጀክቱ ነው፣ ከፎቶው በኋላ ተመልሷል። ሹሩባውም በበጋው ተቆርጧል። የፊት ጥርሷን ደግሞ ማንንም ሳታማክር አወለቀችው። የሚረዷት ልጅ ሆና እንዲህ እንደፈለገች መለዋወጥ አለ? እርስዎስ ቢሆኑ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በስሙ የሚጠሩት ለምን ይመስልዎታል? ፎቶ ስለሌልዎት እኮ ነው!

አሁን ጠጋ ይበሉኝማ። ይህችን ዝቅ አድርጌ ነው...

በሩ ላይ ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ የቆመችው የጎረቤታችን የዓለም ልጅ አይደለች? እርስዎማ ሲገቡ ግንባሯን ስመዋታል። እስኪ አሁን ባነሩን ይዩት... ልብ ብለው ይዩት... አዎ። እሷው ናት። ፕሮጀክቱ «ቤትሽ እዚያው አይደል፣ መኪና ምን ይሠራልሻል» ብሎ በእግሯ ላካት። የዛሬዋ ባለ በዓል በሩ ላይ አግኝታት፣ ከረሜላ ሰጥታ፣ «ሚጣ፣ የሰፈር ልጆች የምትገቡት ኋላ ነው» ብላ መለሰቻት። እኔ ኬብል ስጎትት ደርሼ ልጅቷን፣ «ኤልዳና፣ ልንገራቸው?» ብላት እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። «አትንገራቸው፤ ራሳቸው ይወቁኝ» አለችኝ። እናቷ ጥቅስ አስጠንታታለች፤ እንዳይጠፋት ይኸው ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሐቁን እናውራ ካልን ደብተሯም ጫማዋም ከእነሱ ነው፤ እሷም ስማቸውን ሳትጠራ አትተኛም። የምትፈልገው ከረሜላ አይደለም፣ «ልጄ መጣች» እንዲሏት ነው። አሁን አሁን ግን ያጠፋችው ነገር ያለ እየመሰላት ነው መሰለኝ፣ ጫማዋን ጫማዋን ታያለች። እና ቃል ሰጠኋት፣ አልነግራቸውም። ለእርስዎ አላወራም ግን አላልኩም። ቀስ ብዬ አወራለሁም አላልኩም!

...እና እንዳልኩዎት እማማ፣ ሰው መቼም ይመሳሰላል! ዳኛቸውን ሰሙት? የመድረክ መሪያችንን? «ልጃችን ገና አልደረሰችም፣ ጦር ኃይሎች ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ይሆናል» ይላል። ይሆናላ! የጦር ኃይሎችን መዘጋጋት እኔን ይጠይቁኝ። ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ተዘግቶበት፣ ሦስተኛ በር ላይ ካለ ጎረቤቱ ጋር ሳይገናኝ ሊቀር ይችላል።

ኡፍ! ይህ ሲጥ ያለው ፊድባክ ይባላል፤ አይደንግጡ። ማይኩ ከስፒከሩ የወጣውን የራሱን ድምፅ መልሶ ሲሰማ ነው እንዲህ የሚጮኸው። ሌላ ድምፅ እንዳይሰማ ያደርጋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ማዞር ብቻ። ስለ ማይክ ነው የማወራው...

እማማ፣ እማማ! ባለ በዓሏ ሹካዋን አስቀመጠች። ሰማችን መሰለኝ። ባነሩን አየች... በሩን አየች... እንደገና ባነሩን... ተነሣች! ልጅቷም አይታታለች፤ ይኸው ሹራቧን ሳብ ሳብ አደረገች፣ ቀጥ አለች፣ ከረሜላውን ወደ ኋላ ደበቀች። ሚስትየው ወደ እሷ እየሄደች ነው... በዚያ ተረከዝ በጭቃው ላይ እየተጣደፈች... ደረሰች። እጇን ዘረጋች፣ ትከሻዋን ያዘቻት... አይ።

ወደ ጎን አደረገቻት። መንገዱን እያየች ነው። መኪና እየፈለገች ነው...

ተመለሰች። «አልመጡም፣ ጌታ ያውቃል» እያለች ነው። እሱስ ያውቃል።

ምን ልበልዎት እማማ፣ ጽናት ማለት ይህ ነው። እኔ እንኳ እስካሁን እየሳቅኩ ነበር የማወራው... ቆይ፣ ልጥራት። አንቺ ልጅ፣ ነይ! ነይ ግቢ፣ ማንም አይመልስሽም፣ የእማማ አልፊያ እንግዳ ነሽ። እዚህ ተቀመጪ። አየሽ፣ እኔ አልነገርኳቸውም፤ ቃሌ ቃል ነው። ... ኧረ ምንም አላጠፋሽም! አታልቅሺ እንጂ፣ ጥቅሱን ለእኛ ትይልናለሽ፣ እማማም ይሰማሉ፣ እኔም እሰማለሁ። እማማ፣ ከሻርፕዎ ጫፍ ጣል ያድርጉባት፣ በርዷታል። ከእርስዎ ትሪም ያጉርሷት፤ ከጠዋት ጀምሮ የበላች አይመስለኝም።

አቤት ዳኛቸው? ልጅቷ ካልመጣች ኬኩ ይቆረስ ተባለ? ይሁና፤ ኬክ ሰው አይጠብቅም። ማይኩ ምን ሆነ?... እኔ ልሞክረው? ሁለት ቃል ልመርቅበት? እኔ ማን ነኝና! ይሁን እሺ፣ ከታዘዝኩ። ልጅቷን ይያዙልኝ እማማ፣ ይህችን ኬብል እንዳትረግጣት።

ሃሎ... ሃሎ... ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል? ፊት ያላችሁስ ትሰማላችሁ?... ጌታ ይመስገን።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ባለ በዓሎች፣ እኔ ታናሻችሁ ነኝ፣ ትልቅ ቃል የለኝም። ትዳራችሁ ይለምልም። ማዕዳችሁ አይጉደል። እጃችሁ እንደተዘረጋ ይኑር፣ ጌታ ብድራችሁን አያስቀርባችሁ። ለልጃችሁ ያደረጋችሁትን ሁሉ ሰማይ አይቷል፣ አንዲቷም አልጠፋችም። በመጨረሻም፣ በዚያ በታላቁ ሰርግ ቀን፣ አምራችሁና ጥቅሳችሁን አጥንታችሁ ደጁ ላይ ስትቆሙ፣ ጌታ ራሱ ወደ በሩ ይምጣላችሁ፤ እናንተ ልጃችሁን እንዳወቃችኋት፣ እሱም እናንተን ልክ እንደዚያው አድርጎ ይወቃችሁ። ባለ በዓሎች፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ እናንተ፣ ጮክ ብላችሁ አሜን በሉ!